አርባ ሊንክ ሰብስቤያለሁ፤ የቱን ላስተምርበት?

የምክር ዓምድ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት በዕረፍት ሰዓት ኳስ ሲጫወቱ አንዱ ተማሪዬ ሌላውን ‹ባሪያ› ብሎ ሰደበው። የተሰደበው ልጅ ቤተሰቦቹ የጋምቤላ ሰዎች ናቸው፤ አባቱ በሥራ ዝውውር ነው አዲስ አበባ የገቡት። ክፍሉ ውስጥ እንደሱ የጠቆረ ሌላ ልጅ የለም። ጉዳዩ አስተዳደር ሲደርስ መጀመሪያ ‹ልጆች ናቸው፣ ይረሱታል› ተባለ። በኋላ ግን ‹ስለ ዘረኝነት የሦስት ክፍለ ጊዜ ትምህርት አዘጋጂ፤ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል› አሉኝ። እውነትም ሞልቷል። አርባ ያህል ሊንክ ሰበሰብኩ፤ ቪዲዮ፣ የመልመጃ ወረቀት፣ ጨዋታ፣ ጥቅስ። አብዛኛው የአሜሪካ ነው። ሁሉም ጥሩ ይመስላል፤ እኔ ግን መምረጥ አቃተኝ። አንዱ ልጆቹን በዓይን ቀለም ለያይተሽ አስተምሪ ይላል። አንዱ በአንድ መስመር አቁመሽ ወደ ፊት አራምጃቸው ይላል። ያ አሜሪካዊ በፖሊስ ጉልበት ሥር የሞተበት ቪዲዮስ ለልጆች ይታያል? አንቺ ይበሉኝ፣ ልጅዎ እሆናለሁ።

ግራ የገባት መምህር፣ ከአራት ኪሎ»

እሺ ልጄ፣ እንዳልሽው አንቺ እልሻለሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ የቀረው ግን አርባው ሊንክ ላይ አይደለም፤ «እንደሱ የጠቆረ ሌላ ልጅ የለም» ያልሽው ላይ ነው። መለኪያሽን ሳታውቂው እዚያው ጽፈሽዋል። የትኛውንም ቪዲዮ፣ የትኛውንም ወረቀት ከመምረጥሽ በፊት በሐሳብሽ ያ ልጅ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሄደሽ ተቀመጪ። ከዚያ ሆነሽ እዪው። ይሄ ሲታይ የክፍሉ ሁሉ ዓይን ወዴት ይዞራል? ወደ ሰሌዳው ከሆነ ቀጥዪ። ወደ እሱ ከሆነ ግን፣ ያዘጋጀው ድርጅት የቱንም ያህል ስመ ጥር ይሁን፣ ዝጊው። ከአርባው ሃያ አምስቱ በዚህ ብቻ ይወድቃሉ ብዬ እገምታለሁ።

ቀጥሎ የሚያስቸግርሽ ቃሉ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ አስተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። የአሜሪካኖቹ ወረቀት «ሬሲዝም» ሲል ሰውን በቆዳው ቀለምና በመልኩ ለያይቶ አንዱን የበላይ፣ ሌላውን የበታች ማድረግን ነው። አንቺ ይህን «ዘረኝነት» ብለሽ ሰሌዳ ላይ ስትጽፊ ልጆችሽ የሚሰሙት ሌላ ነገር ነው። እነሱ «ዘረኛ» የሚለውን ቃል ታክሲ ውስጥ፣ እራት ላይ፣ ፌስቡክ ላይ የሰሙት ስለ ብሔር ነው። «እገሌ ዘረኛ ነው» ሲባል «ለወገኑ ያደላል» ማለት ነው፤ የቆዳ ቀለም የሚያስብ የለም። ስለዚህ የተረጎምሽው መልመጃ «በአካባቢያችሁ ያያችሁትን ዘረኝነት ጻፉ» ካለ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ክፍልሽ የእናት አባቶቻቸውን ፖለቲካ ይዞ ቁጭ ይላል። የተሰደበው ልጅ ነገርም እዚያው ተዳፍኖ ይቀራል። የብሔሩ ጉዳይ አይነሳ እያልኩሽ አይደለም። ነገር ግን ሌላ ትምህርት ነው፣ ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል፤ በሦስት ክፍለ ጊዜ ሁለቱን ካደባለቅሽ ሁለቱንም ታጫለሽ። ሕገ መንግሥቱ እንኳ አንቀጽ 25 ላይ ዘርን፣ ብሔርን፣ ቀለምን በየራሳቸው ነው የዘረዘራቸው። አንቺም «በቆዳ ቀለም ሰውን መናቅ» ብለሽ ጻፊ። ይረዝማል፤ ግን አያሳስትም። የጎግል ትርጉም «ዘረኝነት» ብሎ ሲሰጥሽ አትቀበዪው።

ሌላም አለ። ከሰበሰብሻቸው ውስጥ ብዙዎቹ የተሠሩት ነጭና ጥቁር ተማሪ ጎን ለጎን ለሚቀመጥበት ክፍል ነው። ለአስተማሪው የሚሰጡት ምክር ሳይቀር «ነጭ ተማሪዎች የጥፋተኝነት ስሜት ሲያድርባቸው እንዲህ አድርግ» የሚል ነው። አንቺ ክፍል ነጭ ተማሪ የለም። ታዲያ ያው ፊልም አራት ኪሎ ሲታይ ምን ይሆናል? ሁሉም ልጅ ተበዳይ ሆኖ ይወጣል። ያ የሰደበው ልጅ ጭምር! «አይ ፈረንጆች» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ፣ ልቡ አዝኖ፣ ደወል ሲደወል ኳሱን ይዞ ወደ ሜዳው ይሮጣል። ጥፋቱ ውቅያኖስ ማዶ ቀረ። «እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚለውን ስንቶቻችን ነን ስንል የኖርነው?

አለ እንጂ። «ቀይ»፣ «የቀይ ዳማ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» እያልን ሰውን በደረጃ የምንጠራ ሕዝብ ነን። አራስ ልንጠይቅ ገብተን «ቀይ ነው ወይስ ጥቁር?» ብለን እንጠይቃለን፤ መልሱ ፊታችን ላይ የሚያመጣውንም እናውቃለን። ቆዳ የሚያቀላ ቅባት የሚሸጥበት ሱቅ ለመፈለግ ከፒያሳ መራቅ አያስፈልግም።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ጠመኔ ይዤ በቆምኩባቸው ዓመታት አንድ ክፍል ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። አንዱን በስሙ እጠራዋለሁ። ሌላውን «ጥቁሩ» ብዬ ስሙን እጨምርበታለሁ። ለመለየት ነው፣ ምን ችግር አለው እል ነበር። ዓመቱን ሙሉ። «ቀዩ» ብዬ የጠራሁት ልጅ እንዳልነበረ የገባኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አንደኛው ስሙ ብቻ ይበቃው ነበር።

አሁን ወደ ሊንኮችሽ። ማን ሠራው የሚለውን እንዴት እንደምታጣሪ ልንገርሽ፤ ከመርህ ይልቅ አንድ እውነተኛ ታሪክ ይሻላል። በጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ በማርቲን ሉተር ኪንግ ሙሉ ስም የተከፈተ፣ መጨረሻው ላይ «ዶት ኦርግ» ያለው አንድ ድረ ገጽ ለብዙ ዓመታት ኢንተርኔት ላይ ቆይቶ ነበር። ለተማሪዎች የተዘጋጀ ይመስል ነበር፤ አስተማሪም ተማሪም ጎግል ላይ የኪንግን ስም ሲጽፍ ከመጀመሪያዎቹ ውጤቶች መካከል ይመጣ ነበር። ባለቤቱ ግን ስቶርምፍሮንት የሚባል የነጭ የበላይነት አራማጆች መድረክ ነበር። ሥራውም ሰውየውን ማጠልሸት። ገጹን ላይ ታች ብትዪ፣ የፊደሉን ጥራት ብትመረምሪ፣ «ስለ እኛ» የሚለውን ብታነብቢ ብዙም አይረዳሽም፤ አጭበርባሪ ስለ ራሱ እውነት አይጽፍም።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት የታሪክ ምሁራንን፣ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎችና መረጃ ማጣራት ሙያቸው የሆነ ሰዎችን አንድ ዓይነት ድረ ገጾች ሰጥተው አስተያዩአቸው። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ገጹ ላይ ተቀምጠው ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ ብዙዎቹም ተሸወዱ። አጣሪዎቹ ገና እንደከፈቱት ትተውት ወጡና ሌላ ገጽ ከፍተው «ስለዚህ ድርጅት ሌላው ምን ይላል?» ብለው ፈለጉ። በአጭር ጊዜ ደረሱበት። ይህ እኮ የእኛው የአገር ቤት ዘዴ ነው። ልጅሽን ሊያገባ የመጣውን ሰው ስለ ጠባዩ ራሱን አትጠይቂውም፣ ጎረቤቱን ነው። ለእያንዳንዱ ሊንክ ሁለት ደቂቃ ስጪው፦ የድርጅቱን ስም ገልብጠሽ ለብቻው ፈልጊ፤ ማን አቋቋመው፣ ገንዘቡ ከየት ነው፣ የሚተቹት ምን ይሉታል። ስም የሌለው፣ ቀን የሌለው፣ ቴሌግራም ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የመጣ ቪዲዮ ከሆነ ሁለት ደቂቃውም አያስፈልገውም።

ጥቅሶችም እንዲሁ ናቸው፤ እንዲያውም እነሱ ይብሳሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ፣ አንዱን ዘር የበላይ ሌላውን የበታች የሚያደርግ አስተሳሰብ እስካልጠፋ ድረስ ሰላም እንደማይኖር ተናግረዋል። ያ ንግግር ኋላ በሬጌ ዜማ ዓለምን ዞሯል። ኢንተርኔት ላይ ግን ከጄኔቫው የሰኔ 1928 ዓ.ም. ንግግር ጋር ተደባልቆ፣ ቀኑና ቦታው ተዛንፎ ታገኚዋለሽ። ይህን ለልጆቹ የቤት ሥራ ብትሰጪያቸው ጥሩ ነበር፦ ሁለቱን ንግግሮች አግኙ፣ የቱ የት እንደተባለ ለዩ። ከአሥር የተለጠፈ ጥቅስ ይበልጣል።

ከእንዲህ ዓይነቶቹ መርጃዎች ውስጥ የማውቃቸው አሉ። «ላርኒንግ ፎር ጀስቲስ» እ.ኤ.አ. በ1991 በሌላ ስም የተጀመረ የአሜሪካ የመምህራን መርጃ ነው፤ «ፌሲንግ ሂስትሪ ኤንድ አወርሰልቭስ» ደግሞ ከ1976 ጀምሮ አለ። ሁለቱም የሚታመኑ ናቸው። ጥያቄ አጠያየቃቸውን ውሰጂ፤ ልጅን ከማስተማር ይልቅ እንዲያስብ የሚያደርግ ጥያቄ ያውቃሉ። ምሳሌዎቻቸውን ግን እዚያው ተዪላቸው፤ የአላባማ አውቶቡስ ታሪክ ለልጆችሽ ሩቅ ነው። የእንግሊዙ «ሾው ሬሲዝም ዘ ሬድ ካርድ» ይበልጥ ይስማማሻል፤ ከ1996 ጀምሮ በእግር ኳስ በኩል ነው የሚያስተምረው። ስድቡም የተሰደበው ኳስ ሜዳ ላይ ነው።

ኳሱ ላይ ልቆይ ካልሽኝ ደስ ይለኛል። ልጆችሽ ከመማሪያ መጽሐፋቸው ይልቅ የአርሰናልን አሰላለፍ ያውቃሉ። ሐምሌ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በመለያ ምት ለጣሊያን ስትሸነፍ ራሽፎርድ፣ ሳንቾና ሳካ የተባሉት ጥቁር ተጫዋቾች ሳቱ። ሳካ ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። ሌሊቱን ስልካቸው በዝንጀሮ ምስልና በስድብ ተሞላ። ይህን የሚያስረዳ አጭር ቪዲዮ ልጆችሽን አንድ ላይ ያስቆጣልሻል፤ የክፍሉ ዓይንም ወደ ሳካ እንጂ ወደ ተማሪሽ አይዞርም። ከዚያ «እሱን የሰደቡት ሰዎች የተናገሩትና እኛ ሜዳ ላይ የተባለው ምን ያመሳስለዋል?» ብለሽ ጠይቂ። ቀስ ብለሽ። ማንንም በስም ሳትጠሪ።

እዚሁ ታሪክ ውስጥ ለማጣራት የሚሆን ጥሩ ነገርም አለልሽ። በዚያው ሰሞን ማንቸስተር ውስጥ የራሽፎርድ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ላይ ሰው ቀለም ረጭቶ ተበላሸ፤ የአካባቢው ሰዎችም በማግሥቱ የልብ ቅርጽና ደብዳቤ እየለጠፉ ሸፈኑት። ፎቶውን ሳታዪው አትቀሪም። ብዙ የትምህርት ወረቀት «የዘረኞች ጽሑፍ ተጻፈበት» ይለዋል። የማንቸስተር ፖሊስ ግን ግድግዳው ላይ የተጻፈው የዘር ይዘት ያለው አይመስልም ብሏል። ስልክ ላይ የጎረፈው ስድብ እውነት ነው፤ የግድግዳው ነገር ሌላ ነው። በጎ ዓላማ ያለው ወረቀትም ሊሳሳት እንደሚችል ልጆቹ እዚህ ላይ ቢያዩ ቅር አይበልሽ። አንቺን ይበልጥ ያምኑሻል።

አሁን ስለ ጨዋታዎቹ። የዓይን ቀለሙን እንዳትሞክሪው! ነገሩን ጄን ኤሊየት የምትባል አስተማሪ ነች የጀመረችው፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1968 ኪንግ በተገደለ ማግሥት፣ አይዋ ግዛት ራይስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ። ልጆቹን ሰማያዊ ዓይንና ቡናማ ዓይን ብላ ለያይታ አንዱን ወገን አንድ ቀን የበላይ፣ ሌላውን የበታች አደረገች፤ ቀጥሎ ገለበጠችው። ዘዴው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ግን ክርክሩን ትቼ አንድ ነገር ብቻ ልጠቁምሽ፦ ያ ክፍል ሁሉም ነጭ ነበር። በመካከላቸው በእውነት የሚናቅ ጥቁር ልጅ አልነበረም። መናቅን ለማያውቁት ለማቅመስ የተሠራ ነገር ነው። አንቺ ዘንድ ግን የሚያውቀው አንድ ልጅ አለ፤ እሱ ስሜቱን ለመማር ጨዋታ አያስፈልገውም። የሁላችንም ዓይን ቡናማ ስለሆነ በሌላ ምልክት እከፍላለሁ ብለሽም እንዳታስቢ።

ወደ ፊት መራመዱም አይሆንሽም። «ወላጆችህ የራሳቸው ቤት ካላቸው አንድ እርምጃ» ሲባል ሠራተኛ እናቱ በምታድርበት ክፍል የሚኖረው ልጅ፣ አባት የሌለው ልጅ፣ ከኋላ ቆሞ ይቀራል፤ ክፍሉም ያየዋል። አሜሪካ ውስጥ ራሱ ብዙ መምህር ያማርርበታል። ድህነትን በአደባባይ ማስለካት የቀለም ንቀትን አያስተምርም።

እንግዲህ አርባው ካለቀ በምን ላስተምር ትይኝ ይሆናል። የመቀመጫሽን ቦታ እያሰብሽ እንጂ! አራት ኪሎ ላይ ሆነሽ ስለ ቀለም ንቀት ለማስተማር ካሊፎርኒያ መሄድ ይገርመኛል። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ይዞ ሳለ የነጩንና የአገሬውን ሰፈር ለመለየት ፕላን አወጣ። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው፤ የአገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው። አዲስ አበቤ «ኢንዲጄኖ»ውን ጣለና «መርካቶ»ን አስቀረ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰር የሚል ሕግ ሮም ላይ ወጣ። ልጆችሽ በየሳምንቱ እናታቸውን ተከትለው መርካቶ ይሄዳሉ፤ ፒያሳም እንዲህ በኮሪደር ልማት መልኳ ሳይቀየር በፊት ያደጉባት ናት። ስሞቹ የቀለም መለያ ታሪክ እንዳላቸው ግን ማን ነገራቸው? ይህን ለማስተማር የሚያስፈልግሽ አንድ የድሮ ካርታ ነው፤ እሱንም ኢንተርኔት ላይ ታገኚዋለሽ።

የምንኮራበትንም ጨምሪበት። ጥቅምት 1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር ላይ የጫነችውን አፓርታይድ በመቃወም። ሐምሌ 1958 ላይ ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው በፕሬዝዳንቱ ድምፅ «ለመክሰስ የሚያበቃ መብት የላችሁም» ተባሉ። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. እዚሁ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ደረታቸው ይነፋል።

ይንፋ። ግን በዚያው አትጨርሺ። በማግሥቱ ሌላውን ገጽ ግለጪላቸው፦ «ባሪያ» የሚለው ቃል ስድብ ብቻ አልነበረም፣ የሕግ ደረጃ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድ ጉዳይ እንቅፋት ሆኖባት ነበር፤ ሙሉ በሙሉ በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ወረራው የበረታው ደግሞ በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ ጠረፍ ሕዝቦች ላይ ነው። የዛሬ ልጆች ቅድመ አያቶች ያዩት ዘመን ነው፣ ጥንት አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ስለ አሜሪካ ባርነት መቶ ቪዲዮ አለ፤ ስለ እኛው ለሰባተኛ ክፍል የሚሆን በአማርኛ አላየሁም። ስለዚህ ይህኛውን ገጽ አንቺው ነሽ የምትጽፊው። አንድ ገጽ ይበቃል። ያ ልጅ ሜዳ ላይ የጣለው ቃል ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ከአርባው ሊንክ አንዱም አይደለም፣ ይህ ነው።

የሳይንሱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው፣ ልጆቹን በእግር ትወስጃቸዋለሽ፤ ድንቅነሽን ያዩ። በሃይማኖት በኩል የሚያጉረመርም ወላጅ ሊኖር ስለሚችል አስቀድመሽ አሳውቂ። ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና የተውጣጡ ከ2,000 በላይ ሰዎችን የመረመረ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ ቆዳን የሚያጠቁሩም የሚያቀሉም ብዙ የጂን ልዩነቶች የዛሬው ሰው ከመገኘቱ በፊት አፍሪካ ውስጥ እንደነበሩ አሳይቷል። ጥቁሩም ቀዩም የዚሁ ምድር ነው ማለት ነው። «ሁላችንም ውስጣችን ቀይ ደም ነው» የሚሉ ቪዲዮዎችን ግን ተያቸው፤ እውነት ናቸው፣ ማንንም አይለውጡም።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ለልጁ ለብቻው ንገሪው፤ ምን እንደሚነሳ፣ ምን እንደማይነሳ፣ መናገር ካልፈለገ እንደማትጠይቂው። እናቱን ወይም አባቱንም ጥሪና አማክሪ። ሊያዝኑብሽ ይችላሉ፣ ሦስት ሳምንት ዘግይተሻልና። «የጋምቤላ ልጅ» ከማለት በፊትም አኙዋክ ይሁን፣ ኑዌር ይሁን፣ መዠንግር ይሁን አናውቅም፤ ሁሉም እዚያ አሉ። «ባህላቸውን እናድንቅ» ብለሽ ጎግል ላይ «ጋምቤላ» ከጻፍሽ የሚመጣልሽ ቱሪስት ያነሳው ፎቶ ነው፤ ግማሽ ራቁት ሰውና ከብት። እሱን ሰሌዳ ላይ ካሳየሽ ስድቡን ደግመሽዋል። ጋምቤላን ማንሳት ካማረሽ የባሮን ወንዝ ካርታ አውጪ፤ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገ ስምምነት የንግድ ወደብ እንዲሆን የተፈቀደበት፣ ቡናችን በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይወርድበት የነበረ ቦታ ነው። ልጁ ቤተሰቦቹ የመጡበትን አገር እንዲህ ሲሰማ ቀና ይላል።

የቀረው የሥራ ጣጣ ነው። ያሰብሽውን ሁሉ ቀድመሽ ስልክሽ ላይ አውርጂ፤ ኔትወርኩንም መብራቱንም አትመኚ። ከአምስት ደቂቃ የሚረዝም ቪዲዮ አትያዢ። እንግሊዝኛው ከሰባተኛ ክፍል በላይ ከሆነ ድምፁን አጥፍተሽ አንቺው ተርኪው፤ ከማሽኑ ትርጉም ይሻላል። ከአርባው ሦስት ቢቀርሽ በቂ ነው፤ አንዱ ስለ ሳካ፣ አንዱ የድሮው ካርታ፣ አንዱ የንጉሡ ንግግር።

በመጨረሻ በፖሊስ ጉልበት ሥር ስለሞተው አሜሪካዊ ቪዲዮ። አታሳዪ። ሰውየው ጆርጅ ፍሎይድ ነው፤ ግንቦት 2012 ዓ.ም. ፖሊሱ አንገቱ ላይ የተንበረከከው 9 ደቂቃ ከ29 ሰኮንድ እንደሆነ ፍርድ ቤት ተነግሯል። የ13 ዓመት ልጅ ሰው ሲሞት ማየት አያስፈልገውም፤ ያንቺ ተማሪ ደግሞ የሚሞተው እሱን የሚመስል ሰው ሆኖ ሊያይ ነው። ይልቅ ቪዲዮውን ስለቀረጸችው ልጅ ንገሪያቸው። 17 ዓመቷ ነበር። የ9 ዓመት ዘመዷን ይዛ ወደ ሱቅ እየሄደች ነው ያየችው፤ ሕፃኗን ወደ ሱቁ አስገብታ እሷ ተመልሳ ስልኳን አወጣች፣ አልሸሸችም፣ ዝም አላለችም። በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት ቦርድ ልዩ እውቅና ሰጣት። ታሪኳን ተርኪላቸውና ወደ ራሳችሁ ሜዳ ተመለሺ፤ ያ ቃል በተጣለ ጊዜ ዙሪያውን ስንት ልጅ ቆሞ እንደነበር፣ እያንዳንዱም ምን እንዳደረገ፣ ስማቸውን ሳይጽፉ በወረቀት ይመልሱልሽ።